ከቲሸርቴ ላይ የተቆረጠው ተሸናፊ

«የወደቀውን ሰውዬ ቆርጬ አወጣሁልህ፤ ፎቶውን አበላሽቶት ነበር» አለኝ ቲሸርት አታሚው፣ ውለታ እንደዋለ ሰው ፈገግ ብሎ።

ወንድሜ፣ የወደቀው እኮ ነው የእኔ ሰው!

ሬስሊንግ የምታዩ መልኩን ታውቁታላችሁ፣ ስሙን ግን የሚይዝለት የለም። ያ ሁሌ የሚሸነፈው፣ ባለ አረንጓዴ ቁምጣው። ግዙፉ ሻምፒዮን ከገመዱ ላይ ሲዘልበት፣ ሻምፒዮኑ እንዳይጎዳ የእኔ ሰው ደግፎ ይቀበለውና ራሱ አጥንቱ እንደተሰበረ ሆኖ ይዘረራል። ጭብጨባው ለዘለለው ነው።

እኔ በርበሬ በረንዳ ቀኑን ሙሉ ከመኪና ላይ የሚወረወር ጆንያ በትከሻዬ ስቀበል ነው የምውለው። መቀበል ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

የእሱን ጥርት ያለ ፎቶ ስፈልግ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሻምፒዮኑ ደረቱ ላይ ቆሞበት። ያንን ነበር አትምልኝ ብዬ የሰጠሁት።

ለመጨቃጨቅ አቅም አልነበረኝም፣ ሰውነቴ ዝሏል። ለብሼው ወጣሁ።

ተክለ ሃይማኖት ሳልደርስ ሁለት ልጆች አስቆሙኝ። «አቦ ሻምፒዮኑ! የት ነው ያሳተምከው?» አሳየኋቸው። ምን ላድርግ? አታሚው ዛሬ በእኔ ሰው ኪሳራ ደንበኛ አገኘ።

አሁን ቤት ገብቼ ሳወልቀው፣ ከታች ስፌቱ ጋ አንድ ነገር አየሁ። ከሻምፒዮኑ ጫማ ሥር የእኔ ሰው መዳፍ ሳትቆረጥ ቀርታለች።

ጫማውን ደግፋ ይዛለች።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተስ ከፎቶው ላይ የተቆረጠባችሁ ሰው ማነው?