የቢላ ሳዩ ፊት

ናሳሪዮ ቢላ ስሎ አዳሪ ነው። የመሳያ ድንጋዩን ብስክሌቱ ላይ አስሮ፣ ዋሽንቱን እየነፋ በፑዌብላ ከተማ በሰፈራችን ሲያልፍ ሴቶቹ ቢላና መቀስ ይዘው ይወጡለት ነበር። ረጅም ነው፤ ጉንጩ የጎደጎደ፣ አንድ ዐይኑ ሸውረር ያለ። ይህን ፊት ነው ዶን ቲቡርሲዮ የወሰደው።

ዶን ቲቡርሲዮ የሥዕል ታሪክ መጽሔት ሰዓሊ ነበር። በየሳምንቱ የሚያወጣውን አስፈሪ ታሪክ ሽማግሌ ሳይቀር ተሻምቶ ያነበዋል። በታሪኩ ውስጥ ሕፃናት በጆንያ የሚሰርቅ «ዶን ስለት» የሚባል ቢላ ሳይ አለ። መልኩ ቁርጥ ናሳሪዮ፤ ዋሽንቱም የእሱ።

ናሳሪዮ አልተቀየመም። ሰዓሊው ልጁን ክርስትና ያነሳለት አበልጁ ነው። እሑድ እሑድ ደጃፍ ተቀምጠው በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ታማሌ ሲበሉ መንደሩ ይሰማቸዋል።

«አበልጄ፣ በዚህ ሳምንት ስንት ልጅ አሰረቅኸኝ?»

«ሁለት ብቻ። ወገብህን እንዳያምህ ብዬ።»

«አንተም ትስላለህ፣ እኔም እስላለሁ። የሚፈራው ግን እኔን!»

በዝናቡ መግቢያ ዶን ቲቡርሲዮ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ለቅሶው ላይ ከሩቅ ከተማ የመጡ አንባቢዎች ነበሩ፤ የሚወዱትን ታሪክ እየጠቀሱ ያለቅሳሉ። ናሳሪዮ ሬሳው አጠገብ ቆሞ ሲንሰቀሰቅ አንዲት ሴት ቀና ብላ አየችውና ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ከበደው። ቀልደኛው ሞቶ ፍርሃቱ ብቻ ቀረ። አዲስ የገቡት ተከራዮች መጽሔቱን እንጂ የእሑዱን ጨዋታ አያውቁም። ዋሽንቱ ሲሰማ በር መዝጋት ጀመሩ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የማሪክሩስ ልጅ ጄሴኒያ ጠፋች። እናትየው ጎረቤቱን አስከትላ ናሳሪዮ ደጅ ደረሰች።

«ልጄን አውጣት!»

«የቷን ልጅ?»

«ዋሽንትህን ተከትላ ስትሄድ ታይታለች!»

ሚስቱ ኦፌሊያ በሩ ላይ ተገተረች። «አንቺ፣ ትናንት መቀስሽን ስሎ አልሰጠሽም? ምን ነካሽ?»

«ተያት፣ ይግቡና ይፈትሹ» አላት ናሳሪዮ።

ገቡ። ልጅ የለም። ግድግዳው ላይ ግን አበልጁ በስጦታ የሰጠው ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ በሁሉም ላይ የናሳሪዮ ፊት፣ በሁሉም ላይ ያ ጆንያ። «አያችሁ!» አለ አንዱ ከኋላ። ናሳሪዮን ኮሌታውን ይዘው ወደ መንገድ ጎተቱት። አንዱ የብረት ዘንግ ይዟል።

ኦፌሊያ ስትጮህ ጄሴኒያ ማንጎ እየገመጠች ከአክስቷ ጋር በጥጉ ብቅ አለች። አክስትየው ጫማ ልትገዛላት ገበያ ወስዳት ኖሯል።

ሰው ተበተነ። ዘንጉን የያዘው ከጀርባው ደበቀው። ማሪክሩስ ብቻ ዘወር ብላ «ምን ላድርግ… ፊትህ እኮ…» ብላ ሄደች።

«እህቴ አገር እንሂድ» አለችው ኦፌሊያ።

«እዚያስ መጽሔቱ አይነበብም?»

ሥዕሎቹን አውርዶ በጨርቅ ጠቀለላቸው፤ አቃጥላቸው ብትለው እምቢ አለ። ዋሽንቱን ተወው። አሁን ብስክሌቱን እየገፋ ድምፅ ሳያሰማ ከጥግ ብቅ ይላል፤ ልጆቹም ከበፊቱ ይበልጥ ይደነግጣሉ። ዛሬ ጠዋት ኦፌሊያ በሯን በሳሙና ስትፈትግ አየኋት። ማን እንደሆነ እንጃ፣ በከሰል ጆንያ የተሸከመ ሰው ስሎበታል። ልረዳት ብጠጋ፣

«ተይው፤ ነገም ይስሉታል» አለችኝ።