የሞሚና እጆች

የሞሚና እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጎረቤቱ ሁሉ ዓይን በላት አለ። የአንገቷ እንቅርት የቆየ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረውም። እየከሳች፣ እያላባት፣ ልቧ ያለ ምክንያት እየደለቀ ክረምቱ አለፈ። ሮቤ ገበያ ድንብላል ስትሰፍር ግማሹ መሬት ይቀራል።

በኋላ ጎባ ሐኪም ቤት ሄደች። ነርሷ እኅተማርያም አንገቷን ዳበሰች።

«ሰው ሲደነግጥ» አለቻት፣ «ነርቮቹ ልቡን ያስሮጡታል። ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎችም ሆርሞን የሚባል ነገር ደሙ ውስጥ ይለቃሉ። ድንጋጤው ሲያልፍ ሌሎች ነርቮች መልሰው ያበርዱታል። የእርስዎ የአንገት እጢ ግን የራሱን ሆርሞን ያለ ልክ ያፈሳል። አንጎል በቃህ ቢለውም አይሰማም። ሳይፈሩ የፈሩ ያስመስልዎታል።»

«ይህ የሰጡኝ ክኒን ያበርደዋል?»

«ካላቋረጡት።»

በየቀኑ ዋጠችው፤ እጇም እያደር ረጋ።

በጋው ሳይወጣ ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ተጀመረ። ልጇ ወዚር ለአቅመ ውትድርና ደርሷል። ወደ ብድሬ ከተማ ከብት ሊነግድ ሄደ ብላ አስወራች፤ እሱ ግን ቆጡ ላይ ከገብስ ከረጢቶች ኋላ ተኝቷል። አፋሾቹ ከወዲያኛው ሰፈር የጁሀራን ልጅ ወስደዋል። ጁሀራን ያጋለጣት እጇ ነው። ውሃ ስትሰጣቸው ጣሳው ሲንቀጠቀጥ አይተው ቤቷን ገለበጡት።

ሞሚና ይህን የሰማች ቀን ክኒኑን አቆመች። ፍተሻው እሷ ሰፈር እስኪደርስ መንቀጥቀጡ ተመልሶ ነበር።

የቀበሌው ጥበቃ ኃይለየሱስ ከአንድ እንግዳ ወታደር ጋር ሲገባ ገብስ ታበጥር ነበር። ሰፌዱ ተርገፈገፈ፤ ገብሱ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?» አለ ወታደሩ።

«እሷ እንኳን አንተን፣ ዶሮም ስታይ ትንቀጠቀጣለች። እንቅርቷን አታይም?» ኃይለየሱስ ወደ እሷ ዞረ። «እትዬ ሞሚና፣ ተሽሎዎት አልነበር እንዴ?»

«ክኒኑ አለቀብኝ።»

በዚህ መሀል ከቆጡ ጥቂት ፍሬ ገብስ ዱብ ዱብ አለ። ወታደሩ ወለሉን አየ። ወለሉ ሁሉ ገብስ ነው።

«ይልቀሙት፣ ዶሮ ሳይቀድምዎት» አለ ኃይለየሱስ። ወጡ።

ቆይቶ ወዚር ከላይ ለእናቱ አንሾካሾከ። «አዮ፣ ሄደዋል። ክኒንሽን ዋጪ።»

«ተመልሰው ይመጣሉ።»

ነርሷ ድንጋጤው ሲያልፍ ይበርዳል ብላ ነበር። ሞሚና ቁጭ ብላ ልቧን ጠበቀችው። አልበረደም። የፍርሃቱ ይሁን የእጢው መለየት አቃታት። የክኒኑን ብልቃጥ ከጨው ዕቃው ሥር መልሳ ሸሸገችና ገብሱን መልቀም ጀመረች።