ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር

የያዙኝ ሐይቁ ዳር፣ ጋባ ወደብ ላይ፣ ካሜራዬን ወደ ቦርሳው ልመልስ ስል ነው። ሁለት ወንዶች ነበሩ፤ የፖሊስ ልብስ አልለበሱም። አንደኛው ጭምብሉን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ፣ «ማዳም፣ ያቺን ደሴት ለምንድን ነው የምታነሺያት?» አለኝ።

«ታምራለች» አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

ካምፓላ ላይ ኮሮናውና ምርጫው አንድ ላይ የመጡበት ሰሞን ነበር። የምሠራበት የትኬት ቢሮ ሥራ ቀዝቅዞ ስለነበር ከሰፈሬ ከኪሱጉ በቦዳ ሞተር እየወረድኩ ያቺኑ አንዲት ትንሽ ደሴት ማንሳት ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ጉም ሲውጣት፣ ዝናብ ከጀርባዋ ሲመጣ፣ ቀትር ላይ ውሃውም ሰማዩም ነጭ ሆነው እሷ ብቻ አየር ላይ የተንጠለጠለች ስትመስል። በአንድ ቀን አምስት ስድስት ደሴት ትሆንብኝ ነበር። ለምን እንዲህ እንደምትለዋወጥ ማወቅ ፈለግሁ፤ ከዚያ ያለፈ ዓላማ አልነበረኝም።

ያስገቡኝ ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከቁመቴ በላይ ሽቦ የተወጠረባት መስኮት አለች፤ በሩ ሥር ቢጫ ጀሪካን። ከእኔ በፊት አንዲት ሴትዮ ነበሩ፤ ወደ ስድሳ ይጠጋሉ፣ በባዶ እግራቸው ናቸው፣ ልብሳቸው ጭስና ዓሣ ይሸታል። የጋባ ዓሣ ነጋዴ ናቸው። ራሳቸው ላይ ያሰሩት ቀይ ሻሽ የተቃዋሚ ቀለም ነው ተብለው ከገበያ እንደተወሰዱ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ቅልቅል ነገሩኝ። ሻሹን ወስደውባቸዋል። ሲያወሩ ሽበታቸውን በመዳፋቸው ሸፈን ያደርጉ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ጠራኝ። ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አንዱን የደሴቷን ፎቶ ከፍቶ የካሜራውን ስክሪን ወደ እኔ አዞረው።

«ሰዓቱ 1:10 ይላል። ብርሃን ስላለ ሌሊት አይደለም። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ነው። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ የጦር ጀልባ በደሴቷ በኩል አልፏል። አንስተሻል፣ ለውጭ ሰዎች ልከሻል፣ ከዚያ አጥፍተሻል።»

«አፋንዴ» አልኩት፣ እዚያ መኮንን እንደሚጠራው። «የካሜራዬን ሰዓት የሞላሁት በአገሬ አቆጣጠር ነው። እኛ አንድ ሰዓት የምንለው ጠዋት፣ ፀሐይ ስትወጣ ነው። ጀልባው ሲያልፍ እኔ ቤቴ ነበርኩ።»

«አያቴም እንደዚያ ነው የምትቆጥረው» አለ። ፈገግ ሊል ትንሽ ቀርቶት ነበር። «ካሜራ ግን የሚቆጥረው በእንግሊዝኛ ነው።»

ፎቶውን ከምሳ በኋላ እንዳነሳሁት የሚገልጽ ወረቀት ከፊቴ አስቀመጠ። ብፈርም ክስ ይሁን ከአገር መባረር፣ ምን እንደሚከተል አልነገረኝም። አልፈርምም አልኩ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሁሉንም ለሴትዮዋ አጫወትኳቸው። እሳቸውን የገረማቸው ግን ሌላ ነገር ነው።

«አንዲት ደሴት ይሄን ሁሉ ጊዜ? ሰው ይታይባታል?»

«አይታይም።»

«እና ምኗን ነው የምታዪው?»

ስለ ጉሙ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቀትሩ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ከፎቶሽ ታች፣ በወደቡ በኩል ዳር ላይ፣ ጭስ አለበት?» አሉ።

«አለ። ፎቶውን እያበላሸ አስቸግሮኛል።»

«የእኔ ጭስ ነው። ሃያ ዓመት እዚያ ዓሣ በጭስ አድርቄያለሁ።» ቅር አላላቸውም። «ወዴት ነው የሚሄደው?»

አላውቅም ነበር። ወራት ሙሉ ደሴቷን እንጂ ጭሱን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

«ጠዋት ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ ነው። ከቀትር በኋላ ይዞርና ከሐይቁ ወደ እኛ ይመጣል። እኔም አብሬው ቦታ እቀይራለሁ፤ አለዚያ ይሄኔ ዓይኔ ጠፍቶ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ እዚያ ስቆም ዓይኔ ለምን እንደሚያነባ ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪውን ፎቶውን አጉልቶ ጭሱን እንዲያይ ለመንኩት። አጎላው። ጭሱ ከዳር ተነስቶ ውሃው ላይ ተኝቷል። ካሜራው 9:20 የሚለውን፣ በእኔ ቆጠራ ከሰዓት በኋላ የተነሳውን ሌላ ፎቶ እንዲያይም ነገርኩት፤ እዚያ ጭሱ ወደ የብስ ገብቷል። ከዚያ በኋላ እኔ ሳልነግረው ሌሎቹንም አንድ በአንድ ያገላብጥ ጀመር። አንዱ ላይ ቆየ፤ ዝናብ ደሴቷን ለሁለት የከፈለበት ነው።

«ይህን የነፋስ ነገር ማን ነገረሽ?»

«ሳላስፈቅዳቸው ልናገር አልችልም» አልኩ። በእኔ ሰበብ ሌላ ችግር እንዳይመጣባቸው ፈርቼ ነው። ግን እስር ክፍሉ ውስጥ ያለነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። አስጠራቸው።

ሴትዮዋ ገብተው ክፍሉን ቃኙ። ወንበሩ ሁለት ነው፤ የእኔና የእሱ። ልነሳላቸው ስል በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝ።

«እናቴ፣ ጠዋት ነፋሱ በየት በኩል ነው?» አላቸው።

«ልጄ፣ ስለ ሻሼ ስትጠይቁኝ ሁለት ቀን አቁማችሁኛል፤ ቆሜያለሁ። ስለ ሐይቁ ከሆነ ግን ቁጭ ብዬ ነው የምናገረው።»

መርማሪው ተነስቶ የራሱን ወንበር አዞረላቸው። ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነገሩት። እሱ ወረቀቱን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፎ፣ ቆሞ ጻፈ። ስለ ጭሱ፣ ስለ ዝናቡ ወቅት፣ ነፋሱ ስለሚዞርበት ሰዓት ደጋግሞ ጠየቃቸው፤ ለመዝገቡ ከሚያስፈልገው በላይ ይመስለኛል። «ከምሳ በኋላ» የሚለውን ሰርዞ «ከጠዋቱ» የሚል ሲያስገባ አንብቤ ፈረምኩ።

በዚያው ቀን ተለቀቅኩ። ካሜራውን መለሱልኝ፤ ፎቶዎቹ ያሉበትን ሚሞሪ አስቀሩት። ሴትዮዋ ግን ቀሩ። ሻይና ዳቦ እየያዝኩ እመላለስ ነበር፤ ጠባቂው ይቀበለኛል እንጂ አያስገባኝም። በሦስተኛው ሳምንት ተለቀዋል አሉኝ። ጋባ ወረድኩ፤ ዓሣቸውን ደርድረው አገኘኋቸው።

«ሰውዬው እንደነገርኩት ጻፈው?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው።

«አዎ፣ አንብቤዋለሁ።»

«ጥሩ» ብለው ወደ ገዢያቸው ዞሩ።

አሁን ሰዎች ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቁኝ ፈርተሽ ነበር ወይ ይሉኛል። ፈርቼ ነበር። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የማስበው ያ ወረቀት የት እንደደረሰ ነው። ምናልባት አንድ መደርደሪያ ላይ በእኔ ስም በተከፈተ ፋይል ውስጥ አለ። ስለ እኔ የተጻፈው አብዛኛው ስህተት ነው። ስለ ሐይቁ የተጻፈው ግን ሁሉም ትክክል ነው።