ቻይንኛ የሚያውቀው እስረኛ

ፖሊሶች የያዙኝ ጠዋት፣ ጥርሴን እየፋቅኩ ሳለ ነው። ሃያ ዓመት የደከምኩበትን፣ ስለ ቻይና የውጭ ፖሊሲና ስለ ጠረፍ ግዛቶቿ የጻፍኩትን ረቂቅ በፌስታል ይዘው ወጡ። ያሰሩኝ እዚያው ሰፈሬ ጉለሌ ስለነበር «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!» የሚለው የታክሲ ረዳት ከታሰርኩበት ክፍል ሆኜ ይሰማኝ ነበር።

ክፍሉ ጠባብ፣ ግድግዳው እርጥብ፣ ሽታው የካልሲ ነበር። ስለ ቻይና የማጠና የፖለቲካ ሳይንስ አስተማሪ መሆኔን ስናገር እስረኞቹ ወደ አንድ ወጣት ዞሩ። የገልባጭ መኪና ሹፌር ነው። ከቻይና መንገድ ሠሪዎች ጋር እዚህ አገራችን ጠረፍ ላይ ስድስት ዓመት ስለሠራ «ቻይናው» ይሉታል። በቻይንኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ አልገባኝም። እኔ አነባለሁ እንጂ ሲናገሩት አልሰማም።

«ምሳ በልተዋል ወይ ነው ያልኩት፣ ዶክተር» አለኝ። እስረኛው ሁሉ አውካካ።

ቅናት አንገበገበኝ። ስለ ቻይና የሚጠየቀው እሱ ብቻ ሆነ። አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ቻይናዊ በያጅ ቻይና ጠረፍ ላይ ስላለው መንደሩ የነገረውን ሲያወራ፣ በሺህ ገጽ ያላገኘሁትን ሰማሁ፤ ለዚያም ይበልጥ ጠላሁት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የተኛሁ መሰልኩ፣ ጆሮዬን ግን አልከለከልኩም።

በአምስተኛው ቀን መርማሪው በእጄ ቻይንኛ የጻፍኩበትን አንድ ገጽ አሳየኝ። ያነበብኳቸው ጥናቶች ዝርዝር ነው ብዬ ብነግረው አላመነኝም። ሹፌሩ ያነበዋል፣ ካነበበም ይፈታል አለኝ። ልጁ አንድም ፊደል አያነብም፤ ብርድ ልብሱ ላይ ያለውን የቻይና ጽሑፍ ሲጠይቁት ወሬ ሲያስቀይር አይቻለሁ። የመጣለትን ቢፈጥር እሱ ወደ ቤቱ፣ እኔ ወደ ወህኒ።

ሹፌሩ ከመርማሪው ዘንድ ሲመለስ እስረኞቹ ከበቡት።

«ማንበብ አልችልም አልኳቸው» አለ።

ቻይንኛ ሲያወራ የሰማው ሰው ሁሉ አፈጠጠበት። አንዱ፣ ምናለ የሆነ ነገር ቀባጥረህ ብትወጣ አለው።

«የሰው ነፍስ ናት እኮ» አለና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

ፍራሼን ጎትቼ አጠገቡ አነጠፍኩ። ሁሉም እየሰማ፣ «ምሳ በልተሃል ወይ የሚለውን እስቲ አስተምረኝ» አልኩት። እየሳቁብኝ አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምኩት።

ሁለታችንም ተፈታን፤ መጽሐፉም ታተመ። ልጁ አሁንም ጠረፍ ላይ ይነዳል፣ እኔም አሁንም እቀናበታለሁ። የምቀናው በቻይንኛው አይደለም፤ ያን ቀን «አልችልም» ለማለት በመቻሉ ነው። ባለፈው ሰሞን አንዲት ተማሪ፣ በቻይና ጠረፍ የሚኖሩት ሰዎች ስለ መንግሥታቸው በልባቸው ምን እንደሚሉ ጠየቀችኝ። እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም ነበር። ጠመኔውን አስቀመጥኩና፣ ክፍሉ ሙሉ ተማሪ እያየኝ፣ «አላውቅም» አልኳት።