«ዓይኔን ያዝልኝ»

ባሌ ዘበኛ ነው። የዕቃ መጋዘን ይጠብቃል። የሥራ ጓደኞቹ «አይተኜ» ይሉታል፣ እውነታቸውን ነው፤ በእሱ ተራ ከዚያ ግቢ አንዲት ምስማር ጠፍታ አታውቅም። ይህን ለሰው ሳወራ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ይታዘብሻል» ይለኛል። ይታዘበኛ።

ድሮ የሚጠብቀው በር ላይ ቆሞ ነበር። በኋላ ካሜራ ተተከለና «የታመንከው አንተ ነህ» ብለው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስክሪን ፊት አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ በርበሬ መሰለ። ይቆጠቁጠዋል፣ ያነባል፣ ግንባሩን ይዞ ይቀመጣል። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ምን ብታደርገው ነው እያለቀሰ የሚገባው?» ማለት ጀመሩ። እኔን እኮ ነው። እሱ ግን «ዓይኑ ደከመ ከተባለ ከሥራ ያስወጡኛል፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ብሎ አስምሎኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብል ማን ሰምቶኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ እጄን አውለበለብኩለት። እያየኝ ዝም ብሎ አለፈ። እኔን፣ የገዛ ሚስቱን፣ አልለየኝም። በማግስቱ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

የዓይን ሐኪሟ በመሣሪያ አየችውና «አባቴ፣ ዓይንዎ አልጠፋም። ደርቋል፣ ደክሟልም» አለችው።

«እንባዬ እየፈሰሰ እንዴት ይደርቃል?»

«ሲደርቅ ይቆጣና ያነባል። ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑን ማርገብገብ ይረሳል።»

«እኔ እንኳ ረስቼ አይደለም» አላት ኮራ ብሎ። «ሆን ብዬ ነው። የጨፈነ ዘብ ተኛ ማለት ነው።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። እኔ አልዋጥኩም።

የሚያረጥብ ጠብታ አዘዘችለት። ቶሎ ቶሎ ያርገብግቡ፣ ስክሪኑን ከዓይንዎ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት፣ ብርሃኑን ከክፍሉ ብርሃን ጋር ያመጣጥኑት፣ በየመሃሉ ቀና ብለው በመስኮት ሩቅ ይመልከቱ የሚል ነው ምክሯ። እሱን ያስጨነቀው የመጨረሻው ነው። መንገዱን ሙሉ «እኔ ሩቅ ሳይ ግቢውን ማን ያየዋል?» ሲለኝ መጣ።

ሰርቆ ማረፍ ይችል ነበር፣ ማን ይቆጣጠረዋል? እሱ ግን ጠዋት በቀጥታ አለቃው ዘንድ ሄደ። «ዓይኔ እረፍት ይፈልጋል። ሳርፍ የሚያይልኝ ሰው ስጡኝ፤ ካልሆነም አሰናብቱኝ» አላቸው። በዕድሜው ከሰው እርዳታ ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነው እንግዲህ። እኔ ያን ቀን ቤት ውስጥ የያዝኩት ሁሉ ከእጄ ይወድቅ ነበር።

አላሰናበቱትም። አሁን ዓይኑን ሊያሳርፍ ሲል በሬዲዮ «ዓይኔን ያዝልኝ» ይላል። ከበር ዘበኞቹ አንዱ ግቢውን መዞር ይጀምርና «ይዣለሁ» ይለዋል። ባሌም እስኪበቃው በመስኮት ሩቅ ያያል። ሒሳብ ክፍሎቹ ሳይቀሩ ኮምፒዩተር ሲያደክማቸው «ዓይኔን ያዙልኝ» ይባባላሉ አሉ። እኔን ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ይለየኛል፣ ቀድሞ እጁን የሚያነሳው እሱ ሆኗል።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር፣ ቤቱ ውስጥ እንኳ ቀን አሸልቦ አይቼው አላውቅም። እዚህም ዘብ ነው።

«አንቺ» አለኝ።

«ወይ።»

«ዓይኔን ያዥልኝ።»

ስልኬን አስቀመጥኩ። «ይዣለሁ» አልኩት።

ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ጎረቤታችን በአጥሩ ብቅ ብላ ልትጣራ ስትል በጣቴ ዝም አሰኘኋት። በእኔ ተራ ማንም አልቀሰቀሰውም።