በቅቤ ላይ የተቀባ ሬንጅ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ ጊዜ ከየቤቱ አንድ ልጅ ለትምህርት ቤት ይሰጥ ተባለ። ወንድሜ ጫካ ገብቶ ስለነበር አባቴ እኔን ሰጠ። «ጥፋት ካገኙብሽ የሚታሰረው እኔ ነኝ» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ፊደል ያስተምሩናል ስንል አንድ ጣሊያናዊ አናጢ የእንጨት ጀልባ ያሠራን ጀመር። የጨሞጋ ወንዝ ክረምት ሲሞላ ወታደሮቹ የሚሻገሩበት ነው። እጃችሁ ሙያ ይልመድ ተባልን፤ ለማን እንደምንሠራ ግን እናውቅ ነበር። መጋዝና መላጊያው ለወንዶቹ ተሰጠ፤ ለእኔ የሬንጅ ድስት። በጣውላዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በቃጫ እየጠቀጠቅሁ በላዩ ትኩስ ሬንጅ እቀባለሁ። ሥራውን ጠልቼዋለሁ፤ ቢሆንም አሳምሬ እሠራው ነበር።

አናጢው ወደ አማኑኤል ከተማ በሄደ ሰሞን ፀሐዩ ጣውላውን ይሰነጥቀው ጀመር። አስተርጓሚው፣ የእኛው አገር ሰው፣ ወንዶቹን ቅቤ አስመጣና ጀልባውን እንደ ቆዳ ቅቡት አላቸው። ገና ግማሹ ክፍተት ይቀረኝ ነበር።

«ጌታዬ፣ ቅቤ የነካውን እንጨት ሬንጅ አይዘውም» አልኩት።

«ቆዳ በምን ይለሰልሳል?»

«ይህ እንጨት ነው እንጂ ቆዳ አይደለም።»

«አንቺ ድስትሽን አማስይ።»

ወንዶቹ ሳቁብኝ። በቅቤው ላይ ቀቢ አለኝ፤ ቀባሁ።

ጀልባው ወንዝ በገባ ዕለት ውሃ ሞላበት። ጎትተው ሲያወጡት አናጢው ፊቱ ቀልቶ ይጮሃል። አስተርጓሚው ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። አባቴ በሰንሰለት ታስሮ ታየኝ። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ሚስማር አነሣሁና ሬንጁን ፈለቀቅኩት። እንደ ልጣጭ ተነሣ። ከሥሩ ያለውን ቅቤ ለአናጢው አፍንጫ አቀረብኩለት። ቅቤ ያልነካውን በኩል ደግሞ ብፈለቅቀው አልነሣም አለ። ገባው።

እኔን ተወኝ፤ ወንዶቹን አስተኝቶ ይገርፋቸው ጀመር። አስተርጓሚው ቆሞ ያያል።

«ያዘዟቸው እርስዎ ነዎት፤ ይህንንም ይንገሩልኝ» አልኩት።

ለአናጢው አንድ ነገር ነገረው። አናጢው ሳቀና አለንጋውን ቀጠለ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አስተርጓሚው ይጁቤ ገበያ ላይ ነጭ ጋቢ ለብሶ አገኘኝ። «የሬንጇ ልጅ፣ አድገሻል እኮ» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

«ያን ቀን ምን ብለህ ተረጎምክለት?»

«ጭራሽ አንተ ትይኝ ጀመር?»

«መልሱን ንገረኝ።»

«ማን ያስታውሰዋል።»

«የተገረፉት ያስታውሱታል» አልኩና እጁን እንደዘረጋ ትቼው ሄድኩ።