ዶርዜ ላይ ያላበኝ ዕለት

ባለፈው ክረምት ዶርዜ ለቅሶ ሄደን... ሰው ሁሉ ቡልኮ ውስጥ ተሸጉጦ ጥርሱን ያንገጫግጫል። እኔ ነጠላዬን ጥዬ ፊቴን በእጄ አራግባለሁ። ላቡ በጀርባዬ ይንቆረቆራል።

አርባ ምንጭ፣ ቤቴ ሆኜ ቢያልበኝ ማንም አይገርመውም ነበር። ቀን ከሆነ ሙቀት ነው፤ ሌሊት አንሶላው ከረጠበ ደግሞ ወባ። ለወባ ጣቴን ስወጋ ስድስት ወር አለፈኝ። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ገና ከበር ስታየኝ «እትዬ፣ ዛሬ የትኛው ጣት ነው ተራው?» እስከማለት ደርሳለች። ሁሌም ነጻ ነኝ። ባለቤቴ ግን «ተደብቃ ነው» ብሎ ድርቅ ይላል።

የወር አበባዬም ከጠፋ አምስት ወር ሆኖት ነበር። አረገዝኩ ብዬ ሁለቴ ተመርምሬ የለም ተብያለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት የባለቤቴ አክስት አንገቴን ዳሰሱና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። በሹክሹክታ መሆኑ ነው እንግዲህ... ድንኳኑ በሙሉ ሰማ።

«አንቺ፣ አበባሽ ቀርቷል?»

«አዎ እማማ፣ ትንሽ...»

«አርጠሻላ! እኔም እንዲህ ነበር ያደረገኝ።»

አልቃሾቹ ዞረው አዩኝ። ሟቹ ለጊዜው ተረሱ።

«እርስዎ በስንት ዓመትዎ ነበር?»

«ሃምሳ አልፎኝ።»

«እኔ ገና ሠላሳ ስምንቴ ነው እኮ!»

አሰብ አደረጉና «ቸኩለሻል» አሉኝ።

ስለ ማረጥ አንድ ጊዜ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ አንብቤያለሁ። «ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ» ከሚለው ቀጥሎ ተቀዷል። ለቸኮልነው የተጻፈው ከሌላ ሰው ስኳር ጋር ሄዷል።

በሚኒባስ ቁልቁለቱን ወረድን። ከተማ ልንገባ ስንል ባለቤቴ፣ ወደ መስኮቱ እያየ፣ «እና... አረጀሽ ማለት ነው?» አለኝ።

እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነበር።

ሰኞ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ የሆርሞን ምርመራ አዘዘልኝ፤ ከወር በኋላ ደግሞ አስደገመኝ። ሁለቱም ውጤት አንድ ነው። የባለቤቴ አክስት ጣት ቀድሞ ያወቀው... ያለ ዕድሜ የመጣ ማረጥ።

«አረጀሁ ማለት ነው?» አልኩት።

«አላረጁም። እንቁላል የሚያመነጨው ክፍል ነው ቀድሞ የደከመው» አለኝ። አጥንቴ እንዳይሳሳ እስከ ሃምሳ ዓመቴ ገደማ የሆርሞን ኪኒን እንደምወስድ ነገረኝ። ለልቤም ይጠቅማል አለ። ካርዱን ተቀብዬ ስወጣ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ኪኒኑን ገዛሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። የተባልኩትን አንድ በአንድ ነገርኩት። ኪኒኑን ተቀብሎ ገለባበጠው።

«እስከ ሃምሳ ዓመት ይሄን ትውጫለሽ?»

«እውጣለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በወረፋዬ አረጃለኋ!»